ያጠገበን ማን ነው?



የወላጅ ኮሚቴው ሲጋብዘኝ ርዕሱን ቆርጦ ነው የሰጠኝ። «ልጆቻችን ያላቸውን አያውቁትም፤ ስለ ምስጋና አንድ ነገር በይልን» አሉኝ። አቤቱታው አዲስ አልሆነብኝም። የምሠራው በሕፃናት አመጋገብ ላይ ስለሆነ ከወላጅ አፍ ሳልሰማው የሚያልፍ ሳምንት የለም። የምሳ ዕቃው እንደተሞላ ይመለሳል። ዶሮ ወጥ ቀርቦ «ፒዛ የለም ወይ?» ይባላል። አባት መጨረሻ ላይ ትዕግሥቱ ያልቅና ያችኑ የታወቀች ቃል ይመዛል፤ «ስንቱ ጦሙን እያደረ አንተ ታማርጣለህ?» ስልኩን ከፍቶ አጥንቱ የወጣ ሕፃን ፎቶ የሚያሳይም አለ።

እኔ ዛሬ ማታ ስለ ምስጋና የምናገረው ይህችን ቃል ተቃውሜ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ አትሠራም። ልጁ ለጊዜው አንገቱን ደፍቶ ይጎርሳል፤ የሚጎርሰው ግን ፈርቶ ነው። ደፈር ያለው ደግሞ «ታዲያ ለምን አትወስዱለትም?» ይላል፤ ቁጣም ይከተለዋል። ይህን ልጅ ብሸልመው ደስ ይለኛል። እኛ ትልልቆቹ ዘለን ያለፍነውን ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ እህሉ እዚህ፣ ረሃቡ እዚያ የሆነው እንዴት ነው?

ሌላው የሚከነክነኝ የተራበውን ልጅ የምናደርገው ነገር ነው። የእርሱ ረሃብ ለእኛ ልጅ ማባያ ይሆናል። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ከፎቶው በኋላ ምን እንደደረሰበት አንጠይቅም፤ ልጃችን ሳህኑን ከጨረሰ ጉዳያችን አበቃ። ማባያ መሆን ምን እንደሚመስል ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ከብዙው ሕዝብ በላይ እናውቀዋለን። ከ1977 ወዲህ ስንት የአሜሪካ እናት ልጇ አትክልቱን አልበላ ሲላት «ኢትዮጵያ ውስጥ ልጆች እየተራቡ!» ብላለች! ዋሽንግተንና ሚኒሶታ ያደጉ የዘመዶቻችሁን ልጆች ጠይቁ፤ በትምህርት ቤት ካፍቴሪያ «እናንተ አገር ምግብ አለ?» ተብለው እንደሆነ ይነግሯችኋል። ልጁ እንዲህ ሲባል እናቱ ሌሊት ተነሥታ የቋጠረችለት ጥብስ ከፊቱ ተቀምጧል።

የወንጌሉን ፈሪሳዊና ቀራጭ ታስታውሳላችሁ። ፈሪሳዊው ቤተ መቅደስ ገብቶ አመሰገነ እንጂ አላማረረም። ያመሰገነው ግን እንደ ሌላው ሰው ባለመሆኑ ነበር፤ ያ ሌላው ሰውም እዚያው ራቅ ብሎ ቆሟል። ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ቀራጩ ነው። «ተመስገን» አትበሉ እያልኩ አይደለም፤ እኔም በልቼ ስነሣ እላለሁ። ግን የጎረቤትን ባዶ ሌማት አይቶ የሚባል ተመስገን እፎይታ ነው። ምስጋና ባለውለታውን ያውቃል፤ ማን አጠገበኝ፣ ከምኑ ቀንሶ አጠገበኝ ብሎ ይጠይቃል።

የእኔን ልንገራችሁ።

እኔ ጠግበው ካደጉት ነኝ። በ1977 አዲስ አበባ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ቤታችን የቀበሌ፤ ሀብታም የሚለን አልነበረም። ግን ቁርስ ነበር፣ ምሳ ነበር፣ እራት ነበር፤ ስታመም ሐኪም ቤት የሚወስደኝ ነበር። መስከረም ላይ ከተማው በቀይ ጨርቅ ተሸለመ፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ነው፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ተመሠረተ፣ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት ቆመ። እኛም ተሰልፈን ዘመርን። በዚያው ሰሞን ወሎና ትግራይ ሰው ይረግፍ ነበር። ኬንያዊው መሐመድ አሚን ቆረም ላይ ያነሣው ፊልም ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር በቢቢሲ የታየው ጥቅምት 13 ቀን ነው። እኛ ቤት ድርቁ የሚታወቀው ከአባቴ ደመወዝ በሚቆረጠው መዋጮ ነበር።

የሚገርመው፣ ደርግ ራሱ የንጉሡን ውድቀት ያፋጠነው በረሃብ ፊልም ነው። በ1967 ዘመን መለወጫ ማታ፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ላይ ያነሣው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታየ። አሥር ዓመት አለፈ፤ ደጋሹ ተለወጠ፣ የሚራበው ያው ሆነ።

ወደ ሌማታችን ልመለስ። ጤፋችን የሚመጣው ከቀበሌ ሱቅ ነበር። እናቴ ኩፖኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በማለዳ ወረፋ ትይዛለች፤ ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ ጤፉም በዚያው ነው። ዋጋው ከገበያው በብዙ ይቀንሳል። «ቀበሌ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!» ትል ነበር እናቴ። ቀበሌን ማመስገኗ ነው። ቀበሌ ግን አያርስም።

ጤፉ የጎጃም፣ የአርሲ፣ የሸዋ ገበሬ ነው፤ የሚመጣውም በኮታ። የእርሻ ሰብል ገበያ የሚባለው የመንግሥት ድርጅት ዋጋውን ቆርጦ፣ መጠኑን ደልድሎ፣ በገበሬ ማኅበሩ በኩል ይሰበስባል። የሚከፍለው ገበያው ከሚሰጠው እጅግ ዝቅ ያለ ነበር። ምርቱ ኮታውን ያልሞላለት ገበሬም አይማርም፤ ከብቱን ሸጦ ከነጋዴ በውድ ይገዛና ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። ጤፍ አራሹ ጤፍ ገዝቶ፣ ከስሮ፣ ለእኔ እናት ይልካል። እንጀራችን የረከሰው ልዩነቱን እርሱ ስለከፈለው ነው። በዚያ ላይ የግል ነጋዴ ከተረፈበት አውራጃ ወዳነሰበት እህል እንዳያሻግር በየኬላው ይያዝ ነበር። ጎጃም ላይ እህል እያለ ወሎ ላይ ዋጋው ሰማይ የሚነካበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ድርቁን ደርግ አላመጣውም፤ ዝናቡ በእርግጥ ጠፍቷል። ጦርነቱም መንገዱን ዘግቷል፣ ገበያውን በትኗል። ድርቅ ረሃብ የሚሆነው ግን ጎተራው አስቀድሞ ሲራቆት፣ በሬው አስቀድሞ ሲሸጥ ነው። ለምን ከተማው ተመረጠ ብትሉኝ፣ መንግሥት የሚፈራው የከተማን ሆድ ስለሆነ ነው። በ1966 የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ሲያድሙ ምን እንደተከተለ የደርግ ሰዎች በዓይናቸው አይተዋል። ገበሬው የሚራበው ርቆ ነው፤ ጩኸቱ አራት ኪሎ አይደርስም። ኮታው የቀረው በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። ያን ጊዜ እኔ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ አጥንቴ ጠንክሯል፣ ቁመቴ ወጥቷል።

ከገጠር የመጣው ደግሞ ጤፉ ብቻ አልነበረም። ጓዳችን ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከእኔ ብትበልጥ ሁለት ዓመት ነው። ውኃ የምትቀዳው፣ እሳት የምታያይዘው፣ ዩኒፎርሜን አጥባ የምትተኩሰው እርሷ ናት። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ «ልጄ» ትላት ነበር፣ ለበዓል ልብስ ትገዛላት ነበር፣ የማታ ትምህርትም አስገብታታለች። ልጅቷ ግን ማታ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ታንቀላፋለች፤ ከንጋት ጀምሮ የቆመ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? እርሳሷ ከእጇ ሲወድቅ ትባንናለች፣ ታነሣዋለች፣ መስመሩ ላይ ሁለት ፊደል ትጽፋለች፣ ደግሞ ታሸልባለች። እኔ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ እየወጣሁ ደብተር እሸለማለሁ። ጎበዝ ነሽ እባላለሁ፤ አልነበርኩም አልልም። ጉብዝናው የሚፈልገው ሰዓት ግን ከእርሷ እንቅልፍ የተቆረሰ ነው። «ዕድለኛ ነሽ» ሲሉኝ ይህ ሒሳብ ይመጣብኛል።

በዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል አሁን ቤቱ ውስጥ አንዲት ልጅ እራት እያሞቀች የምትጠብቀው ሰው ስንት ነው? እጅ አውጡ አላልኩም።

እዚህ ግቢ ክፍያቸው ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከቤሩት የሚላክላቸው ልጆች አሉ። እናታቸው የሰው ልጅ ስታጥብ፣ የሰው ልጅ ስታበላ ትውላለች፤ የራሷን ልጅ አያት ታሳድጋለች። ልጆቹ ዕድለኞች ይባላሉ፣ ናቸውም፤ ጥሩ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ በልተው ያድራሉ። እነዚህን ልጆች ምስጋና ለማስተማር የተራበ ሕፃን ፎቶ ፈልጎ ማምጣት አያስፈልግም። ባለውለታቸው በእረፍት ቀኗ በኢሞ ትደውላለች፤ ፊቷን ያዩታል።

አማርትያ ሴን የሚባለውን ህንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ብዙዎቻችሁ በስም ታውቁታላችሁ፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. ቤንጋል ውስጥ ረሃብ ሲገባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ቤታቸው የተማረ ሰው ቤት ነው፤ የሚጎድል የለም። የተራበው ሕዝብ ግን ወደ ካልካታ ሲጎርፍ በደጃቸው ያልፋል። አያቱ ለለመነው ሁሉ በሲጋራ ቆርቆሮ ሩዝ እየሰፈረ እንዲሰጥ ፈቀዱለት፤ ከልኩ ማለፍ ግን አይችልም፣ ለሁሉም መዳረስ አለበትና። በዚያ ረሃብ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ልጁ ሲያድግ ከአእምሮው ያልወጣ ሌላም ነገር ነበር። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹም ሆነ ከዘመዶቹ መካከል አንድም ሰው አልተራበም ነበር። አገር ከተራበ፣ ረሃቡ እንዲህ አድርጎ ሰው የሚመርጠው ምን ዓይን ኖሮት ነው?

ብዙ ልጅ ይህን አይቶ «እኔን አለማድረጉ» ብሎ ያልፋል። እርሱ ሙሉ ዕድሜውን አወጣበት። በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የቤንጋልን ረሃብና የእኛን የ1965ቱን የወሎ ረሃብ አብሮ መረመረ። ቤንጋል ውስጥ በ1943 የነበረው እህል ረሃብ ካልነበረበት ከ1941 ይበልጥ እንደነበር አሳየ። ወሎ ላይ ያገኘው ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ያማል። ረሃቡ በተፋፋመበት ጊዜ ደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። ዋጋው ያልናረው ገዢ ስለሌለ ነው። ገበሬው ማሳው ሲከዳው የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውም አብሮ ጠፋ። እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። አፋሩም በአዋሽ ዳር የነበረውን የበጋ ግጦሹን ለጥጥ እርሻ ተነጥቆ ነው ድርቁ የደረሰበት።

ይህን የምነግራችሁ ምሁር ልመስል ብዬ አይደለም። ጠግቦ ያደገ ልጅ ከጥጋቡ ምን ማውጣት እንደሚችል ስፈልግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስላላገኘሁ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። አውራ ጣታችሁንና ጠቋሚ ጣታችሁን ገጥማችሁ ክብ ሥሩ። ያዙት።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከቦርሳዋ የምታወጣት አንዲት ቀጭን ሪባን አለች፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለን ልጅ ግራ ክንድ፣ ከትከሻውና ከክርኑ እኩሌታ ላይ፣ ትጠመጥምበታለች። ዙሪያው 12.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ አረንጓዴ ነው። ከ11.5 ካነሰ ቀይ። የብዙዎቻችሁ የእጅ ክብ ከዚያ ቀይ ቁጥር ብዙ አይርቅም፤ በዚያ ውስጥ የሚያልፍ የሁለት ዓመት ልጅ ክንድ አስቡ። ሪባኗ ሳብ ስትል ቆዳው ይሸበሸባል፣ ሥጋ የለበትማ። በዚህ ሰዓት የሚያለቅስ ልጅ ያስደስተናል። የሚያስፈራን ዝም ብሎ የሚያየን ነው፤ ለማልቀስም ጉልበት ይጠይቃል።

መታከሚያው 92 ግራም የምትመዝን ጥቅል ናት፤ ፕላምፒ ነት እንላታለን። ኦቾሎኒ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን ነው፤ 500 ካሎሪ ትሰጣለች። ሌላ ሕመም ያልተደረበበት ልጅ ቤቱ ሆኖ፣ እናቱ እያበላችው፣ በሳምንታት ውስጥ ያገግማል። እዚሁ አገራችን ትመረታለች። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አንዳንድ ቀን ያናድደኛል።

ሪባኗ የማታሳየው ደግሞ መቀንጨር ነው። የቀነጨረ ልጅ አጥንቱ ላይወጣ ይችላል፤ ይጫወታል፣ ይሮጣል። የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ ሦስት ዓመት ይመስላችኋል፤ ትምህርት ቤት ሲገባም ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚደርሰው ከፅንስ እስከ ሁለተኛ የልደት ቀን ባሉት አንድ ሺህ ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለማቃናት እጅግ ያስቸግራል። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 148 ሚሊዮን የሚሆኑት ቀንጭረዋል ተብሎ ተገምቷል። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት 58 በመቶ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 37 በመቶ።

እንግዲህ ልጆቻችሁ የተማረኩበት ፒዛ ሳይመጣ፣ ስልክ ሳይገዛ፣ የዚህ ትምህርት ቤት ፎርም ሳይሞላ ዕድላቸው ተወስኖ ነበር ማለት ነው። እናታቸው ነፍሰ ጡር ሳለች ምን በላች? ንጹሕ ውኃ ነበራት? እኔን ያሳደገኝ ለምሳሌ ፋፋ ነው፤ ብዙዎቻችሁንም እንደዚያው። ያ ዱቄት የተጀመረው በስዊድን እርዳታ ነበር። የአንድ የማላውቀው የስዊድን ግብር ከፋይ ውለታም አለብኝ ማለት ነው።

ከ58 ወደ 37 የወረደውም በራሱ አይደለም። በየቀበሌው ጤና ኬላ የተቀመጠችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ቤት ለቤት ስትዞር የምትውለው፣ አለችበት። በ1997 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም አለበት፤ ገበሬው በክፉ ወር በሬውን እንዳይሸጥ ታስቦ የተሠራ ነው። በ2007 መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን ሕፃናት መቀንጨራቸውን እስከ 2022 ዓ.ም. አቆማለሁ ብሎ ፈርሟል። ይደርሳል ብዬ አልምልም፤ 37 በመቶ ገና ከሦስት ልጅ አንዱ በላይ ነው፣ ከዚያ ወዲህም ጦርነቱና ድርቁ ብዙ ነገር አፍርሷል። ግን በሰው እጅ የወረደ ቁጥር በሰው እጅ ይወርዳል። «ዕድሉ ነው» የምትለዋ ቃል እዚህ ላይ ትሰናከላለች።

ታዲያ ልጁ ሳህኑን ሲገፋ ምን እንበለው ትሉኛላችሁ። ካልራበው አታስገድዱት፤ ይህን እንደ ባለሙያ ነው የምላችሁ። ሌላ ቀን፣ ሳትቆጡ፣ ጤፉን ከየት እንደገዛችሁት ንገሩት። ኩንታሉን ገበሬው በስንት እንደሸጠው፣ እናንተ በስንት እንደገዛችሁት፣ መካከሉ የት እንደገባ አብራችሁ ፈልጉ። ልጆች እንዲህ ዓይነት ሒሳብ ይወዳሉ፤ የምታፍሩበት መልስ እንዳይመጣባችሁ ብቻ ተዘጋጁ። የቤት ሠራተኛችሁ ለአቅመ ሥራ ያልደረሰች ልጅ ከሆነች መልሱ ቅርብ ነው፤ ቀን ትማር። «ማታ ትማራለች» የሚለውን እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

በአካባቢያችሁ ያሉት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ከ2012 ጀምሮ ቁርስና ምሳቸውን እዚያው ይበላሉ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ነው የሚያበላቸው፣ የሚያበስሉትም የሰፈሩ እናቶች ናቸው። ሳይበላ መጥቶ ክፍል ውስጥ ራሱን ይስት የነበረ ልጅ አሁን ፈተናውን ይፈተናል። የከተማው ገንዘብ የእናንተ ግብር ነው። እዚህ መካከል ሁለት ዓይነት ደረሰኝ የሚቆርጥ ነጋዴ ካለ፣ አይቀየመኝና፣ የማን ቁርስ ላይ እንደሚቆርጥ ይወቀው።  በየበዓሉ አንድ ቀን ሙክት አርዶ ነዳያንን ማብላት ደስ ይላል፣ ፎቶውም ያምራል፤ ግብር ግን ሰኞም ማክሰኞም ያበላል።

ለወላጅ ኮሚቴው አንድ ነገር ልጠይቅና ልውረድ። ስገባ በሩን የከፈቱልኝ አባት፣ ይህን አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ሲያጥቡ የዋሉት እናቶች፣ ልጆች አሏቸው። ልጆቹ የት ነው የሚማሩት? የወላጆቻቸው የወር ደመወዝ በዛሬ ዋጋ ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛል? በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ከክፍያ ጭማሪው አጀንዳ ቀጥሎ ይህ ይያዝልኝ። ቃለ ጉባኤውን ልጆቻችሁ ቢያነቡት አይከፋም።

ማይኩን ለአወያይዋ መልሻለሁ፤ ጥያቄ ካለ እዚሁ ነኝ።